ጥያቄና መልስ፦ ቆሎ፣ ግግ እና የተቀቀለው ሪቴይነር

ጥያቄ ተጠራቅሞብኛል። ብርዱም ከቤት አያስወጣም፤ ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልመልስ። አስቀድሜ አንድ ነገር፦ እኔ ጠቅላላ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ጥርስ የሚያስተካክለውና ብሬስ (ጥርስ ላይ የሚለጠፈውን ብረትና ሽቦ) የሚያስረው ኦርቶዶንቲስት ነው፤ ለዚሁ ብቻ ተጨማሪ ዓመታት የተማረ። አንዳንዱን እኔ እመልሳለሁ፣ አንዳንዱን ወደ እሱ እገፋለሁ።

ብሬስ ካሰርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ቆሎ መብላት እችላለሁ? (ከደብረ ብርሃን)

አትችልም። የገብስ ቆሎ ጥርስህ ላይ የተለጠፈችውን ብረት ነቅሎ ይጥላታል። እዚህ አገር ቡና ያለ ቆሎ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቂንጬ ብላ። ደግሞ «ሽምብራውን ብቻ ለቅሜስ?» ብለህ እንዳትጽፍልኝ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቪዲዮ አይታ ፍንጭቷን ለመዝጋት ሁለቱን የፊት ጥርሶቿን በትንሽ ላስቲክ አስራ ታድራለች። ስንት ቀን ይበቃል ትላለች።

ዛሬውኑ አውጪው። ጥርስ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ነው የሚሄደው። ላስቲኩ ሽቅብ ይንሸራተትና ድድ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ አይታይም። እዚያ ሆኖ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ያስበላዋል። ጤነኛ የነበሩ ሁለት የፊት ጥርሶች መነቃነቅ ይጀምራሉ፣ ሊወልቁም ይችላሉ። ጠዋት ስትነሺ ያጣሽው ላስቲክ ካለ «ወድቆ ይሆናል» ብለሽ አትለፊው። ነገ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ይሄን ለአፌ ያህል አይደለም የምለው።

ደግሞስ ፍንጭትን ማን አስጠላሽ? በእኛ አገር የሚዘፈንለት ነው። የግድ ይዘጋ ካልሽ ይዘጋል፣ በሐኪም እጅ።

ደብረ ሲና ያሉ መምህር ናቸው፣ 43 ዓመታቸው። ገጣጣ ነኝ፣ ጊዜው አልፎብኛል ወይ ይላሉ።

አላለፈም። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በዕድሜ ብዛት ሳይሆን ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ሲገፋ ነው፤ በተገፋበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በኋላው በኩል አዲስ ይሠራል፣ ይሄ በ43ም ይሆናል። ድድዎ ግን ጤነኛ መሆን አለበት፣ የሚደማ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። ችግሩ ከመንጋጋው አጥንት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የአዋቂ መንጋጋ ከእንግዲህ ስለማያድግ ብሬስ ብቻውን አይበቃውም፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ኦርቶዶንቲስቱ በራጅ ያየዋል።

መሐል ሜዳ ያሉ እናት ሁለት ጥያቄ አላቸው። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ጥርስ ተደራርቦ እየበቀለ ነው፤ በአምስት ዓመቷ የተበላ የወተት መንጋጋዋን አስነቅለው ነበር። ሕፃኑ ደግሞ ተቅማጥ ይዞታል፣ አማታቸው «ግግ ነው፣ ይውጣለት» ብለዋል።

ከሕፃኑ ልጀምር፣ እሱ ይቸኩላል። ግግ አያስወጡ፣ ድዱን በስለት አያስቀድዱ!

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ለእኔም ወጥቶልኛል። እናቴ እስከ ዛሬ «ነጭ ትል የመሰለ ነገር ወጣልህ» ትለኛለች። ትል አልነበረም፤ ገና ያልጠነከረ የክራንቻዬ ቡቃያ ነው። በዚያ ቦታ የወተት ጥርስ ሳይበቅል ቀረ። ቋሚው ክራንቻ ደግሞ ጎኑ ተቦርቡሮ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ ወጣ። ይሄን ስጽፍ እንኳ ምላሴ ሄዶ ይዳስሰዋል። ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ቡቃያ የሚጎዳው እንዲህ ነው። ያውም እኔ ዕድለኛ ነኝ። ባልተቀቀለ ስለት የሚደማ፣ ቴታነስ የሚይዘው፣ የሚሞትም ሕፃን አለ። ልጅ ጥርስ ሊያበቅል ሲል ድዱ ያብጣል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፣ ተቅማጡም በዚያው ሰሞን ይመጣል፤ ጥፋቱ ግን የድዱ አይደለም። የሚያስፈልገው የእናት ጡት፣ ኦአርኤስና ዚንክ ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አማትዎ ክፉ አስበው አይደለም፤ አብረው ይሂዱ፣ ከነርሷ አፍ ይስሙት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ አካል መጉዳትን ይቀጣል፤ ግን አማትን በሕግ ሲያስፈራሩ ቤት ይበጠበጣል፣ እሱን በሆድዎ ይያዙት።

አሁን ወደ ልጅቷ። «የወተት ጥርስ አይደል፣ መውደቁ አይቀር» ሲባል በቀን ሦስቴ እሰማለሁ፣ ሦስቴም እናደዳለሁ። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ለቋሚዎቹ ቦታ ይዘው ይጠብቃሉ፤ የመጨረሻዎቹ የሚወድቁት ወደ 12 ዓመት ገደማ ነው። በስድስት ዓመት ከኋላቸው ትልቅ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚመጣ ብዙ እናት የወተት ይመስላታል። እሱ ቋሚ ነው። ከፊቱ ያለው ያለጊዜው ከተነቀለ ወደ ክፍቱ ቦታ ይንሸራተታል። የላይኛው ክራንቻ በ11 ወይም በ12 ዓመት ሲደርስ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል፣ ድዱ ላይ ይወጣል። ድርብ ጥርስ የምንለው አንዱ መንገዱ ይሄ ነው። በአምስት ዓመቷ ጥርሱ ቢሞላላት ወይም ሲነቀል ቦታ የሚጠብቅ ትንሽ ሽቦ ቢደረግላት ነገሩ ይቀል ነበር።

አልዘገዩም ግን። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ልጅ በሰባት ዓመቱ አንዴ ይታይ ይላል፤ ዘጠኝ ብዙ አይርቅም። ምናልባት የሚወልቅ ፕላስቲክ ይሰጧታል፣ ምናልባት «ጠብቁ» ይሏችኋል፣ ብሬሱ በኋላ ይመጣል። ብሬስ ብዙውን ጊዜ ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይስተካከላል። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ መመላለሱን፣ የአልጋውን፣ የሚቀረውን ትምህርት ሳትጀምሩ አስሉት። መሃል ላይ የተተወ ብሬስ ካልታሰረው ይብሳል። ለማሳየት ግን አይዘግዩ።

በቴሌግራም የሚሸጥ የማይታይ የጥርስ ማስተካከያ ልግዛ?

አትግዛ። ጥርስህን ማን አየው? እንደ ኢንቪዛላይን ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ለአንተ አፍ ተለክቶ፣ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ተደርጎ፣ ሐኪም እየተከታተለው ነው የሚሠራ።

ሪቴይነሬን (ብሬስ ከተፈታ በኋላ ጥርስ የሚይዘውን ፕላስቲክ) በፈላ ውሃ ባጥበው ተጣመመ። በግድ ላስገባው?

ቀቀልከው ማለት ነው! በግድ አታስገባው። ብሬሱን ወደፈታልህ ሐኪም በዚህ ሳምንት ሂድና አዲስ ይሠራልህ፤ ጥርስ የሚይዘው ካጣ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይጀምራል። አዲሱን በቀዝቃዛ ውሃና በብሩሽ እጠበው። የፈላውን ለሻይ።