ፍርድ ቤት ሲዘጋ

ለወጣት ጠበቆች፣

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እኔ ልደታ አካባቢ ካለው ቢሮዬ ነበርኩ። የቀጠሮ አጀንዳዬ እስከ ግንቦት ጢም ብሏል። ብዙም ሳይቆይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከአስቸኳይ ጉዳዮች በቀር ሥራ አቆሙ። የእኛ ቀሪ ክፍያ የሚመጣው መዝገቡ ሲንቀሳቀስ ነው። መዝገቡ ቆመ፣ ገንዘቡም ቆመ።

ጠበቃ ባዶ ወራትን ያውቃቸዋል። በየዓመቱ ክረምት ላይ ፍርድ ቤት በከፊል ይዘጋል፤ ለዚያ ብለን ትንሽ እንቋጥራለን። በዚያ ዓመት ግን ክረምቱ በመጋቢት መጣ፣ መውጫውም አልታወቀም። የእኔ ቁጠባ ሁለት ወር እንኳ በቅጡ አላቆየኝም። እናንተ ቢያንስ የስድስት ወር የቢሮ ኪራይና ደሞዝ ለይታችሁ አስቀምጡ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥሩ ክፍያ በገባ ወር ግን መኪና ከመቀየር ይህ ይቅደም።

እስካሁን የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። ወደ ደንበኞቼ ሳልደውል ሳምንታት መቆየቴ ነው። ሥራ የለመንኩ እንዳይመስል አፈርኩ። ያንጊዜ አንድ የሆቴል ባለቤት ደንበኛ ነበረኝ፤ እንግዳ ጭራሽ ጠፍቶበታል። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ከተቀመጠው ሥርዓት ውጪ ሠራተኛ ማሰናበትን ከለከለ። እሱ ይህን ሳያውቅ አሥራ አንድ የስንብት ደብዳቤ አደለ። የደወለልኝ ሠራተኞቹ ማልቀስ ከጀመሩ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሄጄ ደብዳቤዎቹን አብረን ሰበሰብን። አንዷ የወጥ ቤት ሠራተኛ የእሷን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራው ነበር። ፈትታ ስትሰጠኝ ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ለስልሷል። ከዚያ ከባለቤቱና ከሠራተኞቹ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን፤ ዓመት ፈቃድ ያለው ፈቃዱን ወሰደ፣ የቀሩት በፈረቃ እንዲገቡ ተስማሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አምስት ስድስት ደንበኛ ጋር ደወልኩ። ስለ ክፍያ አንድም ቀን አላነሣሁም። «እንዴት ናችሁ? ሥራው እንዴት ነው?» ብቻ። ሥራው የመጣው ከዚያ ነው። ሰው ሁሉ ኮሮና ውሉን ያፈረሰለት መስሎት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ለመባል በቁጥር 1792 መሠረት ያልተጠበቀና ግዴታውን ፈጽሞ የሚከለክል መሆን አለበት። ቁጥር 1764 ደግሞ ውል ከበደ ተብሎ ብቻ እንደማይቀር ይናገራል። ይህን ለአከራዩም ለተከራዩም፣ ለአስመጪውም ለገዢውም በስልክ ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳቱ ድርድር ሆነ፣ ድርድሩ የማሻሻያ ውል ሆነ። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ግን ችሎት አይጠብቅም። ቢሮው የተረፈው በእሱ ነው።

ጸሐፊዬንና ረዳቴን አላሰናበትኩም። መጀመሪያ የራሴን ወጪ ቆረጥኩ፤ ሒሳቡንም ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው። ሦስት ወር ግማሽ ደሞዝ ለመውሰድ ራሳቸው ናቸው የተስማሙት። ቀሪውን እስከ ጥር ከፍዬ ጨረስኩ። ለሠራተኛ ሒሳብ አትደብቁ። ሰው የሚሸሸው ከማያውቀው ነገር ነው።

ያኔ እኛ ቢሮ ተጋርተን ብንቀመጥም እያንዳንዳችን ለየብቻችን ነበርን። አሁን አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት እንድታቋቁሙ ፈቅዶላችኋል። ስትቋቋሙ ግን አምስት የችሎት ተከራካሪ ብቻ አትሰብሰቡ። ችሎት ሲዘጋ አብሮ የሚዘጋ ድርጅት ይሆናል። አንዱ የሥራ ሕግን አብጠርጥሮ ይወቅ። አንዱ ውል ይጻፍ። አንዱ ደግሞ በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ 1243/2013፣ የተቸገረ ነጋዴ ከመክሰሩ በፊት ዕዳውን እንዴት መልሶ እንደሚያደራጅ ያጥና። ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሱ በር ነው።

ያ የሆቴል ባለቤት ዛሬም ደንበኛዬ ነው። ዓርብ ከሰዓት እደውልለታለሁ፣ ጉዳይ ኖረም አልኖረም። ባለፈው ዓርብ ስልኩን ያነሣችው ያቺ የወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ አሁን ኃላፊ ሆናለች።