ሳኦ ፓውሎ ላይ ርካሽ አልጋ ለምትፈልጉ

«ሳኦ ፓውሎ ልሄድ ነው፤ ርካሽ ሆቴል ጠቁመኝ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የሆቴል ስም ከመስጠቴ በፊት «ማታ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትገባው?» እለዋለሁ። በከተማዋ ርካሽ አልጋ ሞልቷል። ንጹሕ አንሶላና ሙቅ ውሃ ያለው፣ ቁርስም የሚያቀርብ ክፍል በ40 ወይም በ50 ዶላር ይገኛል። ሆቴሎቹን የሚለያያቸው ከሜትሮው መውጫ እስከ ሆቴሉ በር ያለው መንገድ ነው። በክፍሉ ቆጥቡ፣ በመንገዱ ግን አትቆጥቡ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር፣ ለክረምት አዲስ አበባ ገብቶ «እግረ መንገዴን ብራዚልንም ልይ» የሚል ዲያስፖራ በዝቷል። ልብስ በጅምላ ሊገዛ የሚሄድ አለ፣ ለስብሰባ የሚሄድ አለ፣ ኳስ ሊያይ የሚሄድም አለ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁ ልብ በሉ፤ ብራዚል ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውስትራሊያ ዜጎች እንደገና ቪዛ ትጠይቃለች። በኢንተርኔት የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ጨርሱት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘም ቪዛ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሰፈሩ። የሆቴል መፈለጊያዎች ላይ ከርካሽ ወደ ውድ አድርጋችሁ ስትደረድሩ መጀመሪያ የሚመጡላችሁ ሬፑብሊካ፣ ሉዝ፣ ሳንታ ኢፊዠኒያና ሴ አካባቢ ያሉት የመሀል ከተማ ሆቴሎች ናቸው። ፎቶውን ስታዩ ትገረማላችሁ፤ እብነ በረድ የለበሰ ትልቅ መግቢያ፣ ሰፊ ክፍል፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ዋጋው ደግሞ የሌላው ሰፈር ግማሽ። ምክንያት አለው። ባንኩና ቢሮው መጀመሪያ ወደ ፓውሊስታ ጎዳና፣ ኋላም ወደ ፋሪያ ሊማ ሲሄድ ሆቴሎቹ ከነሕንጻቸው እዚያው ቀሩ። ቀን ላይ አካባቢው ሰው በሰው ነው፣ ለማየትም ደስ ይላል፤ የሉዝ ባቡር ጣቢያና ፊት ለፊቱ ያለው የፒናኮቴካ ሙዚየም ሊታለፉ የማይገባቸው ናቸው። ሱቆቹ መዝጊያቸውን ሲያወርዱ ግን መንገዱ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። እሁድ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ነው። ክራክ የሚባለውን ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች በቡድን ሆነው ለዓመታት በሉዝ ዙሪያ ሲሰበሰቡ ኖረዋል፤ ፖሊስ ሲበትናቸው ወደ ሌላ መንገድ ይዛወራሉ፤ ስለዚህ «ይሄኛው መንገድ ደህና ነው» የሚል የዓምና ምክር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል።

ይህን ስል መሀል ከተማውን አትርገጡ ማለቴ አይደለም። ሬፑብሊካ ብዙ አፍሪካውያን የሚውሉበት ሰፈር ነው፤ በቪንቴ ኢ ኳትሮ ዲ ማዮ መንገድ ላይ ያለው፣ ሰዉ የሬጌ ጋለሪያ የሚለው የገበያ ሕንጻ በአፍሪካውያን ፀጉር ሠሪዎች የታወቀ ነው። ሹሩባ የምትፈልጉ እህቶች ቀን ሂዱና ተሠሩ። አልጋችሁ ግን ሌላ ቦታ ይሁን።

እኔ የምመርጠው ከቬርጌይሮ እስከ ቪላ ማሪያና ያለውን፣ በሰማያዊው የሜትሮ መስመር ላይ ፓራይሶና አና ሮዛ ጣቢያዎችን ይዞ የሚዘልቀውን ሰፈር ነው። ሆስፒታሎችና ኮሌጆች ስላሉበት ማታም ሰው ይመላለሳል፣ ዳቦ ቤቱም አምሽቶ ይዘጋል። ከፓውሊስታ ጎዳና የሚገነጠሉት የጎን መንገዶችም ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ይላል። ቤላ ቪስታ የሚል አድራሻ ስታዩ ግን ካርታውን አጉሉና ተመልከቱ፤ ወደ ፓውሊስታ የተጠጋው የላይኛው ክፍልና ወደ መሀል ከተማው የሚወርደው የታችኛው አንድ ስም ይያዙ እንጂ አንድ ሰፈር አይደሉም። ሊቤርዳጂ፣ የጃፓኖቹ ሰፈር፣ በቅዳሜና እሁድ ገበያው ደማቅ ነው፤ እዚያም ቢሆን ከጣቢያው የማይርቀውን ያዙ።

ለማጣራት ብዙ አያለፋም። ከሜትሮው መውጫ እስከ ሆቴሉ የእግር መንገዱ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ተዉት። መንገዱን በጉግል ካርታ የመንገድ ፎቶ ላይ ሂዱበት፤ ግራና ቀኙ በሙሉ የብረት መዝጊያ ያለው ሱቅ ከሆነ ማታ ጭር ይላል ማለት ነው። ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ሰው የሚኖርበትና ዘበኛ ያለው ፎቅ ካለ ደግ ነው። ከዚያ ቀድመው ያደሩ ብራዚላውያን የጻፉትን አስተያየት አስተርጉሙና ስለ ማታው የተባለውን ብቻ ለቅማችሁ አንብቡ። የውጭ ቱሪስት ስለ ቁርሱ ሲያወራ የአገሩ ሰው ስለ መንገዱ ይጽፋል።

ብራስ የሚባለው የገበያ ሰፈር ለብቻው ይነገር። የጅምላ ልብስ ገበያው ሌሊት ስለሚጀምር ነጋዴው እዚያው ማደር ይመርጣል፤ ትክክልም ነው፤ ሌሊት ገንዘብ ይዞ ከተማ ከማቋረጥ ገበያው አጠገብ ማደር ይሻላል። ሆቴሎቹም ለነጋዴ የተሠሩ ናቸው፣ ዕቃ ማስቀመጫ አላቸው። ለሽርሽር የመጣ ሰው ግን ብራስ ውስጥ ምንም ጉዳይ የለውም።

አሜሪካ ለኖራችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብራዚል ውስጥ ሞቴል ማለት ጥንዶች በሰዓት የሚከራዩት ቤት ነው። መንገድ ዳር የሚያድር ተጓዥ ማረፊያ አይደለም። ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ በተለይ በዋጋው አትታለሉ። ሆቴል ወይም ፖዛዳ የሚለውን ፈልጉ፤ ፖዛዳ የእኛ አገር ፔንሲዮን ዓይነት ነው።

ጓሩልዮስ አየር ማረፊያ ከመሀል ከተማው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቀን ከደረሳችሁና ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነ ወደ ታቱአፔ ሜትሮ የሚሄደው አውቶቡስ በጣም ርካሽ ነው፤ ከ2018 ወዲህ ባቡርም አለ። ሜትሮው ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ስትመጡ ከመሸ፣ ወይም ሁለት ሁለት ሻንጣ ይዛችሁ ከሆነ (ሐበሻ በአንድ ሻንጣ ሲጓዝ እስካሁን አላየሁም) ኡበር ወይም የአየር ማረፊያውን ታክሲ ያዙ። በር ላይ ጠብቆ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚላችሁን እለፉት። በነገራችን ላይ፣ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ካላችሁ እዚያ ስትደርሱ አትንኩት። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እናታችሁ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና የሆቴሉ ሪሴፕሽን ሰዓት አንድ ቁጥር ይቆጥራሉ። ወደ ቤት ለመደወል ይህን የመሰለ ምቾት የለም።

ሪሴፕሽን ላይ እንግሊዝኛ አትጠብቁ። ሠራተኞቹ ትሑቶች ናቸው፣ ሥራው ሁሉ የሚካሄደው ግን በፖርቱጋልኛና በዋትሳፕ ነው። ከመድረሳችሁ በፊት በዋትሳፕ ጻፉላቸው፤ በማስተርጎሚያ ተርጉማችሁ ብትልኩ ይመልሳሉ። የእንግዳ መመዝገቢያ ቅጽ ያስሞላሉ፣ ፓስፖርት ያያሉ፤ ይህ የአገሩ ሕግ ነው። ፓስፖርቱን ካዩ በኋላ ግን ይመልሱላችሁ። ከ18 ዓመት በታች ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ ፈቃድ ሆቴል እንዳያድር ሕጉ ስለሚከለክል፣ ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ የልደት የምስክር ወረቀቱን ያዙ። በተለይ በእኛ ስም አወጣጥ የእናትና የልጅ የአባት ስም ስለማይገጥም ጥያቄ ይነሳል። አክስት ወይም አያት ሆናችሁ ልጅ የምትወስዱ ከሆነ የወላጆቹ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑራችሁ።

የመግቢያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ መውጫው 6 ሰዓት ነው፤ ሻንጣ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ያስቀምጡላችኋል። ስትከፍሉ ሂሳቡን እዩት። ለቱሪዝም ተብሎ የምትጨመር ትንሽ ገንዘብ አለች፤ በፈቃደኝነት የሚከፈል ነው፣ «አውጡልኝ» ብትሉ ያወጣሉ።

ክፍሉ ውስጥ ዲያስፖራውን የሚያስደነግጠው ሻወሩ ነው። ርካሽ ሆቴል ውስጥ ውሃው የሚሞቀው እዚያው ራስጌያችሁ ላይ፣ ኤሌክትሪክ በተገጠመለት የሻወር ጭንቅላት ነው። ሽቦው ሲታይ ያስፈራል፣ አገሩ ሁሉ ግን የሚታጠበው በዚህ ነው። ውሃውን ከመክፈታችሁ በፊት ሙቀቱን አስተካክሉ፤ ውሃው እየወረደ የሙቀቱን ማዞሪያ አትንኩ። ሙቀት ሲያንሳችሁ ቧንቧውን የበለጠ መክፈት ሳይሆን ጠበብ ማድረግ ነው፤ ውሃው ሲቀንስ ይሞቃል። የሽንት ቤት ወረቀት ወደ መቀመጫው ውስጥ አይጣልም፤ አጠገቡ ቅርጫት አለ። ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ የራሳቸው ዓይነት ሲሆን የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀጭኗ ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ትገባለች፣ የአሜሪካው ጠፍጣፋ ግን አይገባም። ኃይሉ 127 ቮልት ስለሆነ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የገዛችሁት የፀጉር ማድረቂያ ይለግማል።

ክፍሉን ስትይዙ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ጠይቁ። ወደ ጎዳናው ከሆነ ሞተር ብስክሌት ሲያስጨንቃችሁ ያድራል። ወደ ውስጥ የሚያየው ክፍል ጨለም ይላል፣ እንቅልፍ ግን ይሰጣል። ብራዚል ሁሌ ሙቀት ነው ብላችሁም በሰኔና በሐምሌ በሸሚዝ ብቻ አትሂዱ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 760 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ያን ጊዜ ክረምታቸው ነው፣ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፣ ርካሽ ሆቴል ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ፤ አያሳፍርም።

ቁርሱ በዋጋው ውስጥ ነው፣ በርካሹም ሆቴል ቢሆን አይናቅም። ፓፓያ፣ ሐብሐብ፣ ዳቦ፣ አይብ፣ የአይብ ዳቦ፣ ኬክ፣ በፔርሙስ የተቀመጠ ቡና። ቡናው አንዳንዴ ቀድሞ ስኳር ተጨምሮበት ይመጣል፤ የእኛን ቡና ለለመደ ምላስ ምን እንደሚመስል መናገር አልፈልግም። ለጾመኛ ፍራፍሬውና ዳቦው ይበቃል። ለምሳ በኪሎ የሚሸጡት ቤቶች ጾመኛን ያድናሉ፦ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ሰላጣ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን ራሳችሁ ታነሣላችሁ፣ በሚዛን ትከፍላላችሁ። ግን ጠይቁ፤ ጎመኑም ቦሎቄውም ውስጥ የአሳማ ሥጋ ይገባል። የአገሩ ታላቅ ምግብ የሆነው ፌዥዋዳ፣ ጥቁር ቦሎቄ ከአሳማ ጋር የተቀቀለው፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በልማድ የሚቀርበው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። አሳማው ሳያንስ ረቡዕ! ሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ጉዳዩ እንደሚመለከታቸው ግልጽ ነው።

ስልክ። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሌባ ከኪሳችሁ ገንዘብ ይልቅ ከእጃችሁ ስልክ ይፈልጋል። በብስክሌትና በሞተር እያለፉ ይመነትፋሉ፤ የሚፈልጉትም ቁልፉ የተከፈተ ስልክ ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ባንክ አለ። ፓውሊስታ ላይ ቆማችሁ ካርታ አትመልከቱ፤ ሱቅ ወይም ሜትሮ ጣቢያ ግቡና እዩ። ኡበርም ከሆቴሉ ውስጥ ሆናችሁ ጥሩ፣ መኪናው ሲደርስ ውጡ። የባንክ መተግበሪያ የሌለበት አሮጌ ስልክ ለመንገድ ብትይዙ ደግሞ ሌሊቱን በሰላም ታድራላችሁ። ሲም ካርድ ለመግዛት ሲፒኤፍ የሚሉትን የአገሩን የግብር ቁጥር ስለሚጠይቁ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) ከመነሳታችሁ በፊት ግዙ። ሱፐርማርኬትም ፋርማሲም ያንኑ ቁጥር ይጠይቃችኋል፤ «የለኝም» ማለት ይበቃል። ፒክስ የሚባለው የገንዘብ ማስተላለፊያቸው የአገሩ ባንክ ሒሳብ ይጠይቃል፤ ለእናንተ የሚሠራው ካርድ ነው፣ ካርድ ደግሞ የቆሎ ሻጭ ሳይቀር ይቀበላል።

ቀኑንም ምረጡ። በኖቬምበር የፎርሙላ ዋን ውድድር ሲኖር ርካሽ የሚባል አልጋ አይገኝም። ዲሴምበር 31 ደግሞ የሳኦ ሲልቬስትሬ ሩጫ አለ፤ 15 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሚያልቀው ፓውሊስታ ጎዳና ላይ ነው። ታሪኩ በቀለ በ2011 ያሸነፈበት፣ ውዴ አያሌው በ2008፣ በ2014 እና በ2015 የወሰደችው ውድድር ነው። ባንዲራ ይዞ ለመጮህ የሚሄድ ካለ እኔም አብሬው ነኝ፤ ግን ለዚያ ቀን አልጋችሁን ከወራት በፊት ያዙ። መኪና ወደ ፓውሊስታ አይገባም፣ ማታም የአዲስ ዓመት ኮንሰርት ስለሚኖር መንገዱ ተዘግቶ ያመሻል። ቪላ ማሪያና አድራችሁ በሜትሮ ብትመጡ ይሻላል፤ በዚያ ላይ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሌሊትም ትተኛላችሁ።

ከዚያ ቀጥታ አዲስ አበባ የምትገቡ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፤ ብራዚል በሽታው ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ቦሌ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታስቀምጡት።