የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ስኳር ሕመምተኛ እናቴን እያስታመምኩ የሚገጥመኝን ፌስቡክ ላይ እጽፋለሁ። የልጄንም ፎቶ አወጣለሁ። የሚያበረታቱኝ ብዙ ናቸው። እህቴ ግን «ወሬሽ ሁሉ ስለ ራስሽ ሆነ፤ ገመናችንንም አደባባይ አወጣሽው» ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ይሆን? ልተወው?
ከደሴ፣ ሆጤ

መልስ፦ እህትዎ ሁለት ነገር ነው አንድ ላይ የተናገሩት፤ ለየብቻ ቢያዩዋቸው ይሻላል።

ስለ ራስ መጻፍ ነውር የለውም። ቡና ላይም ሰው ብሶቱን ያወራል። ግን አቦሉ ላይ የእርስዎን የሰሙ ጎረቤት ቶናው ላይ የራሳቸውን ያነሳሉ፤ ተራው ይዞራል። ፌስቡክ ተራ አያዞርም፤ ማዞሩ የእርስዎ ሥራ ነው። የመጨረሻዎቹን 20 ፖስቶች ይክፈቱና፣ የማያውቅዎት አስታማሚ ከእያንዳንዱ ምን ይዞ እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። «ዛሬም ስኳሯ ከፍ ብሎ ሳለቅስ አደርኩ» የሚለው እርስዎው ጋ ይቀራል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀመጥ፣ በረዶ ከሆነ ግን ቢቀልጥም መወጋት እንደሌለበት ቢጨምሩበት፣ ለቅሶዎ ሳይደበቅ ሌላውም ይጠቀምበታል። የወረቀቱ አብዛኛው ባዶ ከሆነ እህትዎ ተሳስተዋል ለማለት ይከብደናል።

ስለ ራስ ብቻ ወደ መጻፍ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። ፌስቡክ ላይክና ኮሜንት የበዛለትን ፖስት ለብዙ ሰው ያሳያል፤ እንባ ደግሞ ቶሎ ኮሜንት ያገኛል። የሚጽፈው ሰው ሳያውቀው ወደ እንባው ያዘነብላል። ማሳወቂያውን ያጥፉት፤ የጻፉትንም ስልክዎ ማስታወሻ ላይ አሳድረው በማግስቱ ያንብቡት።

ሁለተኛው፣ የገመናው ነገር፣ ይከብዳል። ማስታመሙ የእርስዎ ነው፤ ሕመሙ ግን የእናትዎ ነው። «ስላንቺ ልጻፍ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ እናት ልጇን እምቢ ማለት ይቸግራታል። ጽሑፉን ያንብቡላቸው፣ ፎቶውን ያሳዩዋቸው፤ ዝም ካሉ እምቢ እንዳሉ ይቁጠሩት። ልጅዎም ገና መፍቀድ የማይችል ከሆነ ፊቱ ባይወጣ ይመረጣል። ስም መደበቅ ደሴ ላይ ብዙም አያድንም። ሠፈሩና ሕመሙ ከተነሳ፣ የተማሪ ቤቱ ዩኒፎርም ከታየ፣ በመስኮቱ ጦሳ ተራራ በየት በኩል እንደሚታይ ከተለየ፣ የማን ቤት እንደሆነ የሚያውቅ አይጠፋም።

ፌስቡክ ቅንብሮች ውስጥ ያለፉ ፖስቶችን መገደቢያ አለ፤ ለሁሉም ክፍት የነበሩትን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ ያደርጋቸዋል። ጓደኛ ተብለው የተመዘገቡት የማያውቋቸው ሰዎች ከሆኑ ግን ለውጥ የለውም፤ መጀመሪያ እነሱን ከዝርዝሩ ያስወጡ። ወደ ቅርጫት የጣሉት ፖስት 30 ቀን እዚያ ስለሚቆይ፣ ወዲያው እንዲጠፋ ከዚያም ይሰርዙት። ሰው ስክሪንሾት ያነሳውን ግን መመለሻ የለም። የስልክዎ ካሜራ ቦታ እንዳይመዘግብ ያድርጉ፤ በቴሌግራም «ፋይል» ተደርጎ የተላከ ፎቶ የተመዘገበውን ቦታ ይዞ ነው የሚሄደው።

ይተውት አንልም። ዛሬ ማታ እህትዎን የትኛው ፖስት እንዳሳመማቸው ይጠይቋቸው፤ ሲናገሩ አያቋርጧቸው፣ ለምን እንደጻፉትም አያስረዱ። መጀመሪያ እሱን ያጥፉት።