ያ ድንጋይ የባሕር ወለል እንደነበረ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ለመንገድ ሥራ በተቆረጠ ገደል ላይ ቀይ፣ ቢጫና ነጣ ያሉ የድንጋይ ንብርብሮች ተደራርበው አየሁ። አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ ታችኛው ንብርብር በረሃ፣ ላይኛው ደግሞ የባሕር ወለል እንደነበረ ነገረኝ። በዚያ ዘመን ቆሞ ያየ ሰው በሌለበት ይህ እንዴት ሊታወቅ ይችላል? የሚለየው በቀለሙ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለሙ ላይ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር። ድንጋዩ የሚቀላው ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለው ብረት ሲዝግ ነው። ዝገቱ ግን ደለሉ በተነጠፈበት ወቅት የተፈጠረ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ በንብርብሩ ውስጥ ሰርጎ ያለፈ ውሃ ያመጣው ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ቀለምን የሚወስዱት እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃው ያለው በቅንጣቶቹ መጠን፣ ቅርጽና አቀማመጥ ላይ ነው። ኃይለኛ ወራጅ ውሃ ጠጠር እያንከባለለ ይወስዳል፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል፤ የላመው ጭቃ የሚዘቅጠው ግን ውሃው ሲረጋ ነው። የበረዶ ግግር እንዲህ አይመርጥም፤ ቋጥኙንም ዱቄቱንም ደባልቆ ይጥላል። የመሬት ናዳም ይህንኑ ስለሚያደርግ፣ በግግሩ ተፈግፍገው የተጫጫሩ ድንጋዮች ሳይገኙ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም።

አሁን ወደ በረሃው እንምጣ። አሸዋ ድንጋዩን ቀርበው ቢያዩት፣ በአግድም በተዘረጋው ንብርብር ውስጥ ተጠጋግተው የተሰመሩ ሰያፍ መስመሮች ሊያገኙ ይችላሉ። ነፋስ አሸዋውን ቀለል ባለው የክምሩ ዳገት እየገፋ አናቱ ላይ ያወጣውና በወዲያኛው ቁልቁል በኩል ይንደዋል፤ እያንዳንዱ ናዳ አንድ ሰያፍ ሽፋን ይተዋል። መስመሮቹ የሚያዘቀዝቁበት አቅጣጫም ነፋሱ ይሄድበት የነበረው አቅጣጫ ነው። ወንዝም እንዲህ ያለ መስመር ይሠራል፤ ይሁንና የነፋሱ ብዙ ጊዜ እጅግ ትልቅ ሲሆን፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በአጉሊ መነጽር ሲታይም በነፋስ የተጓዘ አሸዋ መጠኑ ተቀራራቢ፣ ጠርዙ የተድበለበለ፣ ገጹም እንደተፋቀ መስታወት የደበዘዘ ነው፤ ቅንጣቶቹ በአየር ላይ ሲጋጩ ኖረዋልና።

ጓደኛዎ የነገሩዎትን የሚመስል ቅደም ተከተል በአሜሪካ በግራንድ ካንየን ይታያል። ኮኮኒኖ የተባለው ነጣ ያለ አሸዋ ድንጋይ እነዚህን ሰያፍ ሽፋኖች የያዘ ሲሆን፣ በላያቸውም የአራት እግር እንስሳት ዱካ ታትሞ ይገኛል። ከእሱ ከፍ ብሎ የገደሉን ጠርዝ የሚሠራው ካይባብ የተባለ የኖራ ድንጋይ ግን ብራኪዮፖድና ክራይኖይድ የተባሉ፣ ከባሕር ውጭ የማይኖሩ እንስሳት ቅሪተ አካል ሞልቶበታል። ዛጎል ሲገኝ ግን ሁኔታውን ማየት ያስፈልጋል፤ ተሰባብሮና ተፍቆ ከሆነ ማዕበል ከሌላ ቦታ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ክዳኖቹ እንደተገጠሙ ከተገኘ ግን እንስሳው እዚያው ወይም በቅርብ ኖሮ እንደሞተ ያመለክታል።

ጨው ደግሞ ከሁሉም የሚያስገርመው ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለች መርከብ የሜዲትራኒያንን ወለል ስትቆፍር፣ ውሃ ሲተን የሚቀሩትን ጂፕሰምና ጨው አገኘች። ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ከአትላንቲክ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ በመጥበቡና በመዘጋቱ ውሃው ከሚተካው በላይ ይተን ነበር። የጨው ንብርብሩ በአንዳንድ ስፍራ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል። ነገር ግን 1,000 ሜትር ጥልቀት ያለው የባሕር ውሃ ሙሉ በሙሉ ቢተን የሚቀረው ጨው ውፍረቱ 20 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ባሕሩ አንድ ጊዜ ብቻ ደርቆ ይህን ያህል ጨው ሊተው አይችልም፤ አዲስ የባሕር ውሃ እየገባ ደጋግሞ መትነን ነበረበት።

የጓደኛዎን አባባል ገደሉን ሳናይ ልናጸድቅ አንችልም። እንደገና ሲያልፉ ግን ሁለቱ ንብርብሮች የሚገናኙበትን መስመር ይመልከቱ። አሸዋው ቀስ በቀስ ወደ ኖራ ድንጋይ ከተለወጠ፣ ባሕሩ እየቀረበ መጥቶ ምድሩን እንደሸፈነው ያሳያል። መስመሩ ወጣ ገባ ከሆነና የታችኛው ድንጋይ ስባሪ በላይኛው ግርጌ ተቀብሮ ከተገኘ ግን፣ ባሕሩ ከመምጣቱ በፊት አሸዋው ጠንክሮና ተሸርሽሮ ነበር ማለት ነው፤ በሁለቱ መካከል ምንም ደለል ያልቀረበት ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1788 የሥነ ምድር ተመራማሪው ጄምስ ሃተን በስኮትላንድ ሲካር ፖይንት ያየው እንዲህ ያለውን ክፍተት ነበር፦ ቀጥ ብለው የቆሙ የጥንት ንብርብሮች፣ በላያቸው ደግሞ ጋደም ያለ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። ዛሬ በሁለቱ መካከል የጎደለው ጊዜ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዓመት እንደሚለካ ይታወቃል።