«በአማርኛ የጻፍኩትን ማን ያነበዋል?» እና ሌሎች ጥያቄዎች

በአሜሪካ የኢንቨስትመንት አማካሪ ቢሮዎች የምትሠሩ አንባቢዎች ስለ ኮምፕላያንስ (ሕግና ደንብን የማክበር) ሥልጠና ብዙ ጠይቃችሁኛል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ሕጉ በዓመት ስንት ሰዓት ሥልጠና ያስገድዳል?

የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ የሆነው ኤስኢሲ (SEC) ለድርጅቶች ሰዓት አልቆረጠም። በ2003 ያወጣው ደንብ የጽሑፍ መመሪያ፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ ግምገማና የኮምፕላያንስ ኃላፊ ይጠይቃል። ሠራተኛው የማያውቀው መመሪያ ግን ዋጋ የለውም። እርስዎ ራስዎ በሜሪላንድ የተመዘገቡ አማካሪ ከሆኑ ደግሞ በዓመት 12 የሥልጠና ክሬዲት (ነጥብ) አለብዎት፤ ስድስቱ በሥነ ምግባር፣ ስድስቱ በምርቶችና በአሠራር። የቢሮዎ ሥልጠና እውቅና ከሌለው አይቆጠርም።

አዲስ ተቀጣሪ ነኝ። የራሴን አክሲዮኖች መቼ ላሳውቅ?

ሥራዎ የደንበኞችን ግብይት የሚያሳይዎት ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ።

ከቨርጂኒያ አንድ ወጣት፦ ሥልጠና ላይ «በግል ስልክ ስለ ሥራ አትጻፉ» አሉን። ደንበኞቼ ግን የእኛ አገር እናቶች ናቸው፤ ኢሜይል አይከፍቱም፣ የሚጽፉልኝ በዋትስአፕ ነው። ደግሞስ በአማርኛ የጻፍኩትን ማን ያነበዋል?

ወንድሜ፣ ይነበባል። ደንቡ ቋንቋ አይመርጥም። ምክር የሰጠህበት፣ ትዕዛዝ የተቀበልክበት፣ ስለ ገንዘብ ዝውውር የተጻጻፍክበት መልእክት 5 ዓመት መቀመጥ አለበት። «እማማ፣ ያንን አክሲዮን ብንሸጠው ይሻላል» ካልክ ምክር ሰጥተሃል።

በኤፕሪል 2024 ኤስኢሲ ሴንቬስት ማኔጅመንት የተባለ አማካሪ ድርጅትን 6.5 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው በዚሁ ጉዳይ ነው። ሦስት ከፍተኛ ኃላፊዎች የግል ስልካቸው መልእክቶችን ከ30 ቀን በኋላ በራሱ እንዲያጠፋ አድርገው ነበር። ክልከላው በድርጅቱ መመሪያ ላይ ተጽፎ እያለ!

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስላይዱ «አትጻፉ» ብሎ ያልፋል። እማማ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሲጽፉልህ ምን እንደምትመልስ ግን ማንም አያሳይህም። እኔ ሳሠለጥን ሰው ስልኩን እንዲያወጣ አደርጋለሁ። «እማማ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል፤ አሁኑኑ ከቢሮ ስልክ እደውላለሁ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ስክሪንሾት አንስቶ ወደ ቢሮው ኢሜይል ይልካል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደንበኞችህ ከዋትስአፕ ካልወጡ ደግሞ ዋትስአፕን መዝግቦ የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር አለ፤ ኃላፊህን ጠይቅ፣ እስኪገዛም ወጥረህ ያዘው።

መዝገቡን ለመንግሥት ብቻ የሚቀመጥ አድርገህ አትየው። አንተ ነገ ሥራ ልትቀይር ትችላለህ። የጡረታ ገንዘባቸው የጎደለባቸው እናት፣ እንግሊዝኛም የማይችሉ፣ ምን ተብለው እንደፈረሙ የሚያሳዩት በምንድን ነው? በዚያው መልእክት ነው።

ሦስት ሰዎች ነን። ባለቤቱ ራሱ የኮምፕላያንስ ኃላፊ መሆን ይችላል?

ይችላል። ሕጉን ማወቅ ግን አለበት። ካላወቀ ባለሙያ ያማክር።

ኤስኢሲ ሊመረምረን እንደሚመጣ ደብዳቤ ደረሰን። አለቃዬ ያልሰጠንን የአምናውን ሥልጠና «ተሰጥቷል» ብለን በአምና ቀን እንድንፈርም ጠየቀን። ምን ላድርግ?

አይፈርሙ። ሥልጠና አለመስጠት ጉድለት ነው፤ ቀን አስመስሎ መፈረም ግን ሐሰተኛ መዝገብ ነው፤ ስምዎም ያለው እዚያ ላይ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ የመጣ ከሆነ አያጥፉት። ዛሬውኑ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዙ፤ የድርጅቱን ሳይሆን የራስዎን። የድርጅቱ ጠበቃ የሚቆመው ለድርጅቱ ነው። ጥፋት በሚጠቁም ሠራተኛ ላይ በቀልን የሚከለክል ሕግ አለ፤ እንዴትና መቼ እንደሚጠብቅዎ ግን ጠበቃው ይንገርዎት። ይህን እኔን ጠይቀው የሚያልፉት ጉዳይ አይደለም። እባክዎ ይደውሉ።