ነፃነታችሁን በድምፅ መልእክት ወደ ደሴ አትላኩ

ይህ የክትባትና የተላላፊ በሽታ ምክር ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ አውሮፓና አሜሪካ ለምትኖሩና ለመሄድ ለምትነሡ ነው። ለረጅም ዓመታት አዲስ መጤ ስቀበል ያየሁትን እናገራለሁ፤ የሚቆጣኝ ይቆጣ።

1. የልጆቻችሁን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ውጡ፣ አስተርጉሙት። ስለ ወረቀት ይኸው ይበቃል።

2. ከጤና ቢሮ ስለ ክትባት ደብዳቤ ሲመጣለት እንደ ቀበሌ መጥሪያ የሚደነግጥ ሰው አለ። ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ያው ሰው «ነፃ ሀገር ነው፣ ማን ያስገድደኛል?» ማለት ይጀምራል። ሁለቱም ሕጉን ካለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈንጣጣ ክትባት አልወስድም ባለ ጃኮብሰን በሚባል ቄስ ላይ ፈርዷል። ሰውየው እንደ እናንተ መጤ ነበር፣ ከስዊድን። ቅጣቱ 5 ዶላር ሆነ፤ ክንዱን ይዞ የወጋው ግን አልነበረም። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የኩፍኝ ክትባት ያልወሰደ ሕፃን መዋዕለ ሕፃናት አይገባም። ትምህርት ቤት ግን ግዴታ ስለሆነ ተማሪውን ማስቀረት አይቻልም፣ ወላጁ እስከ 2,500 ዩሮ ይቀጣል። ሕጉ እስከዚያ ድረስ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ያለው ለእናንተ የተተወ ነው።

3. አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እዚያ ተቀምጣችሁ ክትባት አልፈልግም ብትሉ ልጃችሁ ሲታመም አምቡላንስ ይደርስላችኋል። ታዲያ ያንኑ እምቢታ በስልክ ቀድታችሁ ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ለምትኖረው እህታችሁ የምትልኩት ለምንድን ነው? የእሷ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የተዘረፈው ነው። እሷም «ወንድሜ ከውጭ እንዲህ ብሎኛል» ትልና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ከደጃፍ ትመልሳታለች። ባለሙያዋ ፖሊስ አታስከትልም። ያላት አንደበቷና የጎረቤት አመኔታ ብቻ ነው፣ እናንተ ደግሞ የምትነጥቋት ያንኑ ነው። የእናንተ ቃል ከእሷ ቃል የሚበልጠው ስለምታውቁ አይደለም፤ በየወሩ ሐዋላ ስለሚከተለው ነው!

በእኛው ዘመድ ደርሷል። ከአንድ ከተማ በተላከ የድምፅ መልእክት ልጁ ሳይከተብ ቀረ፣ ኩፍኝ ያዘው። ነፍሱ ተርፋለች፣ አንድ ዐይኑ ግን አያይም። ላኪው በየትኛው ሕግ ይጠየቃል? በሚኖርበት ሀገር መናገር መብቱ ነው፤ የኢትዮጵያ ሕግ አይደርስበትም። ልጁን ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል።

«መጠየቅስ አይቻልም ወይ?» የሚለኝ አለ። ጠይቁ እንጂ፣ ሐኪም ጠይቁ። በኮሮና ጊዜ እንደነበረው ጭንብል አላደረገም ተብሎ ሰው በዱላ ሲመታ እኔም እቃወማለሁ፣ ደግሞም አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል ወሎ ውስጥ ቅሬ (እድር) ያለው ሰው ለቅሶ ሊቀር ነው? በየድንኳኑ ፖሊስ አይቆምም። «ዘንድሮ እቤታችሁ ሆናችሁ ዱዓ አድርጉ» ብሎ ሰውን መመለስ የሚችል ቢኖር ሼኹ፣ ቄሱና የቅሬው ሽማግሌ ናቸው። በቤተሰባችሁ ዘንድ የዚያ ሽማግሌ ቦታ የተሰጠው ለእናንተ ነው። ሳትፈልጉም ቢሆን፣ ከሐዋላው ጋር አብሮ መጥቷል። ስለዚህ ያላጣራችሁትን አትላኩ። የላካችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ደውሉና «ልጁን አስከትቢው» በሉ።

4. ለአረፋ ወይም ለጥምቀት ስትመጡ እያሳላችሁ ከአያት እስከ ሕፃን አትሳሙ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከውጭ የገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል እንዲቀመጥ ይገደድ ነበር፤ ዛሬ ማንም አይከለክላችሁም። ሳሉ እስኪተዋችሁ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ያዙና ለእናታችሁ ደውላችሁ ንገሯት። ትቆጣለች። ምግቡን ቋጥራ ራሷ ትመጣለች፤ በሩ ላይ ተቀበሏት።