የአጎቴን ሌንስ ይዤ ሥራ ልጀምር ወይስ አዲስ ካሜራ ልግዛ?

ጥያቄውን የላከችልኝ የባሕር ዳር ልጅ ናት። በሲቪል ምሕንድስና ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሥራ አላገኘችም። የጓደኞቿን የምርቃት ፎቶ በስልኳ ስታነሳ «አንቺማ ፎቶ አንሺ መሆን ነበረብሽ» ሲሏት ቆይተው አሁን የምሯን ሆነ። አጎቷ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ይዘውት የመጡትን ዜኒት የፊልም ካሜራ ከነሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ ሰጥተዋታል። ከቆዳ ማኅደሩ እንኳ በቅጡ አላወጣችውም። ቤተሰቦቿም ብር ሊያዋጡላት ተስማምተዋል። «አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ያገለገለ ቦዲ (ያለ ሌንስ የሚሸጥ ካሜራ) ገዝቼ የአጎቴን ሌንስ ልግጠምበት? ማስታወቂያው ሁሉ ‹የራሱ ካሜራ ያለው› ይላል» ትላለች።

እህቴ፣ ብሩን ይዘሽ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ባዶ እጅሽን ሁለት ሦስት ስቱዲዮ ግቢ። ምን እንደያዙ እዪ። ካኖን ከሆኑ ካኖን፣ ኒኮን ከሆኑ ኒኮን፣ ሶኒ ከሆኑ ሶኒ ትገዢያለሽ። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለሻይ ሰዓት ተዪው።

ለምን መሰለሽ? መጀመሪያ የምትቀጠሪው በረዳትነት ነው። ከዚህ ሥራ በፊት እኔም አራት ዓመት የሰርግ ረዳት ነበርኩ፤ ምክር መስጠት የጀመርኩት ኋላ ነው። በጥር አንድ ቅዳሜ ከሙሽሪት ቤት እስከ አዳራሽ ስትሯሯጪ አለቃሽ 70-200 የሩቅ ማንሻ ሌንሱን ከአንገቱ አውርዶ «ያዢ፣ ከኋላ ሆነሽ አንሺ» ይልሻል። ሌንሱ ካሜራሽ ላይ ከገጠመ ሠራተኛ ነሽ። ካልገጠመ ቦርሳ ተሸካሚ ነሽ። ባትሪም፣ ፍላሽም እንደዚያው ነው። ማስታወቂያው «የራሱ ካሜራ ያለው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ «ከእኛ ዕቃ ጋር የሚግባባ» ማለቱ ነው፤ ግን እንደዚያ ብሎ አይጽፈውም። ስልክ ደውለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ አጎትሽ ሌንስ እንምጣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁብሽ።

ሄሊዮስ 44-2 የ58 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፤ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። ኤፍ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ የሚለካ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ንድፉ የጀርመኑ ካርል ዛይስ ባዮታር ነው፣ ሶቭየቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወሰዱት። ሰውን ቅጠል ካለበት ዛፍ ፊት አቁመሽ ኤፍ 2 ላይ ስታነሺ ከጀርባ ያለው ብርሃን ክብ እየሠራ የሚዞር ይመስላል። ይሄ በሌንስ ሕግ ጉድለት ነው፤ ዛሬ ግን ሰው ይህን ጉድለት ፍለጋ ብር ያወጣል።

አገጣጠሙ በጥምዝ ነው፤ ኤም 42 ይባላል። በዚህ ሥርዓት ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 45.46 ሚሊሜትር ነው። የካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ የሚገለበጥ መስተዋት ያለው ዲጂታል ካሜራ) 44 ሚሊሜትር ስለሆነ የምትቀረውን አንድ ሚሊሜትር ተኩል ቀጭን የብረት ቀለበት (አዳፕተር) ይሞላታል፤ ሌንሱም ሩቁንም ቅርቡንም ያያል። የኒኮን ዲኤስኤልአር ግን 46.5 ነው። ሌንሱ ከሚፈለገው በላይ ይርቃል፣ ስለዚህ የቅርብ ፊት ያነሳልሻል እንጂ ከጣና ማዶ ያለውን አይጠራልሽም። ለዚህ የራሱ ትንሽ ሌንስ ያለው አዳፕተር ይሸጣል፣ ጥራቱን ግን ይበላዋል፤ እኔ አልገዛውም። ሚረርለስ (ያ መስተዋት የሌለው ዲጂታል ካሜራ) ከሆነ ጭንቀት የለም። ኢ የሚባለው የሶኒ አገጣጠም 18፣ የካኖን አርኤፍ 20፣ የኒኮን ዜድ 16 ሚሊሜትር ስለሆነ ቦታው ሰፊ ነው፣ በአዳፕተር ሁሉም ላይ ይገጥማል። ሜኑ ውስጥ «ያለ ሌንስ ይሥራ» የሚለውን ማብራት እንዳትረሺ። ካልበራ ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ አያነሳም፤ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

ይህን ሁሉ አውርቼ ግን በዚህ ሌንስ ሰርግ እንዳትቀበዪ!

ሌንሱን እጅሽ ላይ ያዢው። ከፊት ሁለት ቀለበቶች አሉት። አንደኛው ቀጭ ቀጭ እያለ የኤፍ ቁጥሩን ይወስናል፤ 5.6 ላይ አቆምሽው እንበል። ሁለተኛው ያለ ድምፅ ይዞራል። በእሱ ሌንሱን እስከ ኤፍ 2 ከፍተሽ በደማቁ ብርሃን ፎከስ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ እስኪቆም መልሰሽ 5.6 ላይ ትዘጊና ትጫኛለሽ። ለመማር ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። ነገር ግን ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ አንቺ ሌላ ቀለበት እያዞርሽ ነው። ጣቷ ላይ ገብቶ ያልቃል። «አንዴ ይድገሙልኝ» ብትዪ ደግሞ ቄሱ ያዩሻል፣ አስተያየታቸውንም አትረሺውም።

ስለዚህ ለሰርግ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ (አውቶፎከስ ያለው) አንድ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግዢ። በአብዛኛው ድርጅት ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍላሽ ሲከለክሉሽ፣ በሻማና በመስኮት ብርሃን የምትድኚው በእሱ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሌንስ ሲያጎሉት ኤፍ 5.6 ላይ ይደርሳል። ከኤፍ 1.8 ጋር ሲወዳደር የሚያስገባው ብርሃን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። በተራ ካሜራ ጥሩ ሌንስ ይሻላል ወይስ በጥሩ ካሜራ ተራ ሌንስ ካልሽኝ፣ ሳላመነታ የመጀመሪያውን እላለሁ።

ቦዲውስ? ያገለገለ ይሁን። ሰርግ ከሆነ ሐሳብሽ ሁለት ካርድ የሚይዝ ፈልጊ። የ2012ቱ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ሁለት ይይዛል፤ በዚያው ዓመት የወጣው 6ዲ አንድ ብቻ ነው። የ2014ቱ ኒኮን ዲ750 ሁለት ነው፣ የ2018ቱ ሶኒ ኤ7 3ም ሁለት። ሜሞሪ ካርድ ሲሞት ምልክት አይሰጥም። የሰው ሰርግ ደግሞ አይደገምም። ካኖን ከገዛሽ ሌንሶቹ ወደፊትም ይከተሉሻል፤ ኢኤፍ የሚባለው የዲኤስኤልአር ሌንሱ በካኖን አዳፕተር አዲሶቹ ሚረርለሶች ላይ ከነአውቶፎከሱ ይሠራል። ኒኮን ላይ ተጠንቀቂ፤ የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የድሮ ሌንሶች ዲ750 ላይ አውቶፎከስ ያደርጋሉ፣ ኤፍቲዜድ በሚባለው የኒኮን አዳፕተር ወደ ሚረርለስ ሲሻገሩ ግን ፎከሳቸው በእጅ ብቻ ይሆናል።

ሻጩ «ብዙም አልተነሳበት» ይልሻል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። የ5ዲ ማርክ 3 ሹተር (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) የተሠራው ለ150,000 ያህል ፎቶ ነው፤ ኒኮን ከሆነ እስካሁን የተነሳበት ፎቶ ብዛት ባነሳሽው ፎቶ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ ካኖን ከሆነ በኬብልና በኮምፒውተር ነው የሚነበበው። አብሮሽ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይሂድ።

ሌንስ ስትገዢ ደግሞ የስልክሽን ባትሪ አብሪና ከኋላ አስገቢ፣ ከፊት አጋደል አድርገሽ እዪ። ጥቂት አቧራ ምንም አያደርግም። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ አስቀምጠሽው ውጪ። እኔ ሳላይ ገዝቼ አውቃለሁ፤ አንድ ሙሉ መልስ ጉም የለበሰ ሆኖ ወጣብኝ፣ ጥፋቱንም በአዳራሹ መብራት አሳብቤ ነበር። የአጎትሽ ሄሊዮስ የብርሃን ቀዳዳውን የሚዘጉት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ላይ ዘይት ብታዪ ግን አትደንግጪ። በእጅ ስለሚዘጋ ዘይቱ አያዘገየውም። የሚያስፈራው ያ የቆዳ ማኅደር ነው። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ክረምቱንም ሐይቁንም ታውቂዋለሽ። ዛሬውኑ አውጪውና አየር በሚያገኝ ቦታ አስቀምጪው።

የሥራ ማሳያሽን በተመለከተ፦ በሄሊዮስ አሥር የሰው ፊት አንሺ፣ ከሌላው የምትለዪው በዚያ ነው። ከጎኑ ግን የአንድ ሙሉ ዝግጅት ፎቶ ይኑርሽ፣ ልደትም ሆነ ክርስትና፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ቀጣሪ የሚፈራው መጥፎ ፎቶ የምታነሺ እንደሆነ አይደለም፤ ኬኩ ሲቆረስ የት ነበርሽ የሚለው ነው። የምሕንድስና ዲግሪሽንም አትደብቂው። የሕንፃና የግንባታ ፎቶ የሚፈልጉ ሥራ ተቋራጮች አሉ፣ ሳይት ላይ ምን መነሳት እንዳለበት የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ደግሞ በየቦታው የለም። እኔ ብሆን ሰርግ በሌለበት በዐቢይ ጾም በሮቻቸውን አንኳኳ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ዜኒቱን ከማኅደሩ ስታወጪ ጀርባውን እንዳትከፍቺ። መጀመሪያ በግራ በኩል ያለውን ፊልም መጠቅለያ በቀስታ ወደ ቀስቱ አቅጣጫ አዙሪው። ልል ሆኖ ከዞረ ባዶ ነው። ከያዘሽ ግን ውስጡ ፊልም አለ፤ አጎትሽጋ ደውዪና መጨረሻ ላይ ማንን እንዳነሱ ጠይቂያቸው።